የአሲድ ቤቱ አፍንጫ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእሱን ስም ግን ያወጣው መልአክ ሳይሆን የፈረቃ ባልደረባው ነው፤ ያውም ምሳ ሰዓት ላይ፣ አፉ በዳቦ እንደተሞላ። "አፍንጫ" አለው፣ አፍንጫ ሆኖ ቀረ። ደመወዝ ከፋዩ እንኳ ትክክለኛ ስሙን ለማስታወስ ግንባሩን ያሻሽ ነበር።

አፍንጫ ዕድሜውን የፈጀበት ፋብሪካ የጥድ እንጨት ቀቅሎ ወረቀት የሚሆነውን ነጭ ቃጫ ያወጣል። ቃጫው ታጥቦ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ፍሳሽ ነው፤ ወፍራም፣ ትኩስ፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል። ይህ ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ትዳር ውስጥም ይገባል። አፍንጫ በወጣትነቱ አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው መጀመሪያ መስኮት ይከፍታል፤ መስኮቱ አልበቃ ሲል ወንበር ይቀይራል። ያኔ እጮኛው የነበረችውን ሚስቱን ሊጠይቅ የሄደ ዕለት አማቱ በር ላይ ተቀብላ "ጫማህን ጥረግ" አላለችውም። "ወንድሜ፣ እስቲ መጀመሪያ ደጅ ላይ ትንሽ ንፋስ ይምታህ" ነው ያለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ንፋስ ሲያስመታ ቆየ። እፍረትን የተማረው ያኔ ነው፤ በደንብም ተማረ።

ታዲያ ጊዜ ደጉ ያንኑ ግም ነገር አከበረው። ጥቁሩ ፍሳሽ ታንክ ውስጥ ሲያርፍ ከላዩ ቡናማ አረፋ ይንሳፈፋል። ከጥዱ ስብና ሙጫ የሚመጣ ነው፤ እጅ ላይ ስለሚያሟልጭ ሳሙና ይሉታል። ድሮ ማንም አይፈልገውም፤ ዝናብ ሲጥል ጠብቀው ወደ ቦይ ይለቁት ነበር። በኋላ ግን ሳሙናው በአሲድ ሲበስል ዘይት እንደሚወጣው፣ ዘይቱ ተጣርቶ ናፍጣ እንደሚሆን፣ ከናፍጣው የተረፈውም ለማጣበቂያና ለቀለም እንደሚፈለግ ለባለቤቶቹ ገባቸው። ግቢው ጥግ ላይ አሲድ ቤት ተሠራ። ለቦይ ይሰጥ የነበረውን የሚጭኑ ቦቴዎች በር ላይ መሰለፍ ጀመሩ። አፍንጫም አውቶቡስ ላይ ሰው መስኮት ሲከፍትበት "ይሄ የምትሸሸው ሽታ ነው ነገ አውቶቡስህን የሚነዳልህ" ማለት አመጣ። ሰውየው ቢያምነውም ባያምነውም ወንበሩን መቀየሩ አልቀረም።

አሲድ ቤቱ ግን ቀልድ አያውቅም። ሳሙናው ከታንኩ ላይ ሲገፈፍ ጥቁሩ ፍሳሽ አብሮት ከመጣ፣ አሲዱ ሲነካው መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ትንሽ ሲሆን ይሸታል፤ ብዙ ሲሆን ሰው ይጥላል። እዚህ ላይ ነው አፍንጫ ስሙን ያገኘው። ሌላው ምንም ሳይሰማው እሱ በር ላይ ቆሞ "ዛሬ ፍሳሽ ገብቷል፣ አሲዱን ዝጉ" ይላል፤ ሲያዩት እንዳለው ይሆናል። ቀስ በቀስ ማንም ያላዘዘው ደንብ ሆነ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይቆማል፤ አፍንጫ ቀድሞ አንገቱን ያስገባል፣ በረጅሙ ይስባል፣ "ንጹህ ነው" ይላል፤ ከዚያ ይገባሉ።

ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ደረት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ የጋዝ ጠቋሚ አድሎ ነበር። ጯሂዋ ይሏታል። እውነትም ትጮሃለች፤ ባትሪዋ ሲደክም ትጮሃለች፣ ወለሉ በበረኪና ሲታጠብ ትጮሃለች። አፍንጫ ይስቅባታል። "አፍንጫ ለሌለው ሰው ምርኩዝ ናት" ይላል። የእሱ ፈረቃ ጯሂዎቹን በየሎከሩ ሰቅሎ በእሱ አፍንጫ ይተነፍስ ነበር። የፈረቃ ኃላፊው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያምነው የሚስቱ ወንድም ነበር። እዚያ ሥራ ያስገባው ራሱ አፍንጫ ነው፤ ሰውየው የልጆች አባት ሆኖም "ጋሼ ያለው አለቀ" የሚል ነበር።

እንዲህ እየኮራ ሳለ አንድ ጉንፋን ያዘው። ተራ ጉንፋን ነው፤ አስነጠሰ፣ አተኮሰው፣ ሄደ። ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አልሄደም።

አፍንጫ መጀመሪያ ልብ አላለውም። ምግቡ ሁሉ ጨው የጎደለው መሰለውና ሚስቱ ላይ አጉረመረመ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጓዳ ያገኘውን ወተት ግጥም አድርጎ ጠጣ። ሚስቱ ብርጭቆውን አንስታ ወደ ፊቷ ስታስጠጋ ፊቷ ጭምድድ አለ።

"ይሄን ነው የጠጣኸው?"

"አዎ። ምነው፣ ለሰው ያስቀመጥሽው ነበር?"

"ኧረ ለድመት አልሰጠውም! ልደፋው ረስቼው ነው። እስቲ ሽተተው።"

ሸተተው። ውሃ የሸተተ ያህል እንኳ አልተሰማውም።

"ደህና ነው" አላት።

ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች። ዓይኑን አስጨፍና ሽንኩርት አመጣች፣ ተጭሮ የጠፋ ክብሪት አመጣች፣ ከሣጥን ሽቶዋን አውጥታ አፍንጫው ሥር ያዘች። ክብሪቱን ሳሙና አለው፣ ሽቶውን ውሃ አለው። ስትጨርስ ሳቋ አልቆ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጉንፋኑ ወዲህ መሰለኝ። ይመለሳል ባክሽ።"

"እስኪመለስ ማን ያሸትላችኋል? ወንድሜ እኮ ባንተ አፍንጫ ነው የሚገባው። ነገ ጠዋት ለኃላፊህ ትነግረዋለህ።"

"እነግረዋለሁ።"

"ሙቺ በለኝ።"

"ሙቺ" አላት። በሚስቱ ነፍስ ማለ።

በማግስቱ የእውነትም ሊናገር ሄደ፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። የኃላፊው ቢሮ በር ላይ ሲደርስ ግን ውስጡ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ዘይቱን ገዝተው ናፍጣ የሚያደርጉት ሰዎች መጥተዋል። ኃላፊው ሲያየው ፊቱ በራ። "ይኸውላችሁ፣ የማወራላችሁ ሰው! የፋብሪካችን አፍንጫ!" ብሎ ክንዱን ይዞ አስገባው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁሩ ፍሳሽ፣ ሳሙናውና ዘይቱ በየጠርሙሱ ተደርድረዋል። አንዷ እንግዳ ዓይኑን በሻርፗ እንድታስር ፈቃዱን ጠየቀች። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ጀርባውን ግን ላብ አጠመቀው።

ያኔ "እኔ እንኳ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው" ማለት ይችል ነበር። አላለም። ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው ሲያነሳ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ፍሳሹ ይንቦጫረቃል፣ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ሳሙናው ከነጭራሹ ድምፅ የለውም። ሦስቱንም ሳይስት ጠራቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሻርፑ ሲፈታለት ያንን ሁሉ የሚስቅ ፊት አየና መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መሬት ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ አትከፈትም።

ማታ ሚስቱ "ነገርከው?" አለችው።

"ነገርኩት።"

"ምን አለህ?"

"ምን ይላል? ከእንግዲህ በመሣሪያ እንገባለን አለ።"

"ተመስገን" አለችና ሳህኑን አቀረበችለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አፍንጫ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይሠራ ጀመር። በሩ ላይ ሲደርስ አንገቱን ያስገባል፣ በረጅሙ ይስባል፣ ከዚያ በጎን የባልደረቦቹን ፊት ይሰልላል። ፊቱን ያኮሳተረ ከሌለ "ንጹህ ነው" ይላል። እነሱ ደግሞ የሚያዩት የእሱን ፊት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጯሂዋን ከሎከሩ አውርዶ በድብቅ ኪሱ ከተታት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሳይወጣ ባትሪ አነሰኝ ብላ ጮኸች። "አፍንጫ ምርኩዝ ያዘ!" ብለው ሳቁበት። "የማን እንደሆነች ልይ ብዬ ነው" አለና መልሶ ሰቀላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። መድኃኒቱ አጠገቡ ተሰቅላለች፤ እሱ ግን ሳቃቸውን ፈርቶ ጥሏት ሄደ። አሁን ይህን ሰው ትከሻውን ይዞ መነቅነቅ ያሰኛል፤ ያን ጊዜ ግን የነቀነቀው አልነበረም።

ያቺ ቀን ስትመጣ እንደሌላው ቀን ነበር የመጣችው። ቦቴዎቹ ስለበዙ ሳሙናው በደንብ ሳይንሳፈፍ ከታንኩ በጥድፊያ ተገፍፏል። ከምሳ በኋላ አፍንጫና የሚስቱ ወንድም ናሙና ሊወስዱ ወደ አሲድ ቤቱ ሄዱ። ሌላ ሰው አልነበረም። አፍንጫ አንገቱን አስገባ፣ ሳበ፣ ዘወር ብሎ የአማቹን ፊት አየ። አማቹ ገና ከኋላ፣ ነፋሱ ላይ ቆሞ ጓንቱን ያጠልቃል። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

"ንጹህ ነው" አለ አፍንጫ።

አማቹ ናሙና መቅጃውን ጣሳ ይዞ የናሙና ቧንቧው ወዳለበት ወደ ታችኛው ወለል በደረጃው ወረደ። አፍንጫ ከላይኛው ወለል ቀርቶ የግፊት መለኪያውን ያነብ ነበር። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ከታች ነበር የተኛው። ጣሳው ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሰማ። "ምነው?" ብሎ ተጣራ። በብረቱ አጥር ላይ ጎንበስ ሲል የአማቹን ጫማ አየ፤ ሁለቱም ወደ ላይ ዞረዋል።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን በትክክል አደረገ። ተከትሎት ዘሎ አልወረደም፤ ወጥቶ ከውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአየር ጭንብል አጠለቀ፣ ወርዶ በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወጣው። የአሲድ ቤቱ የግድግዳ ጋዝ ደወል መጮህ የጀመረው እነሱ ሣሩ ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። አማቹ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሰዎች ደርሰው ኦክስጅን ሲሰጡት አስመለሰው፣ ሳለ፣ ተነፈሰ። አፍንጫ እዚያው ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያዩት ሁሉ የፍቅር ልቅሶ ነው አሉ።

ሆስፒታል አማቱ መጣች፤ ያቺ ንፋስ ይምታህ ያለችው። አሁን አርጅታለች። አፍንጫ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሳለ ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ያዘችው። ሊነጥቃት ቢል አለቀቀችውም።

"ልጄን ሁለተኛ የወለድክልኝ አንተ ነህ" አለችው። "ያን ጊዜ ደጅ ያቆምኩህን ይቅር በለኝ።"

"ኧረ እማማ፣ ኧረ ተይ፣ በእናትሽ" እያለ እጁን ሳበ። ጨርቁን ጥሎ ቢሮጥ በወደደ።

ከዚያ ምርመራ ሆነ። አፍንጫ ስብሰባው ውስጥ ሲገባ ሁሉን ሊያፍረጠርጥ ወስኖ ነበር። የደህንነት ኃላፊዋ ግን ቀደመችው። ረጋ ብላ እንዲህ አለች፤ "ይሄ ጋዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው የማሽተትን ስሜት ነው። ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፣ ጠፍቶ ግን አይደለም። እሳቸው ቢያሸቱም ላይሸታቸው ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ጥፋቱ በአፍንጫ መተማመናችን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ጠቋሚ የሚገባ የለም።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊው "እንዲያውም ሰው ያተረፉ ናቸው" አለ። ፊቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

እንዲህ ያለ ማምለጫ ለሌባ እንኳ አይሠራለትም፤ በልኩ የተሰፋ ነበር። በሩ ላይ ጋዙ አፍንጫ የሚያደነዝዝ ያህል እንዳልነበረ፣ የድሮው አፍንጫው ቢሆን ኖሮ ገና ከደጁ ይሸተው እንደነበር አሳምሮ ያውቃል። ማድረግ የነበረበት ግን ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም አለ። ተነሥተው አጨበጨቡለት።

ቤቱ ሲገባ ይብስ ነበር። ሚስቱ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ጉዳዩን እንዲህ ነበር የተረዳችው፤ ባሏ አፍንጫው እንደጠፋ ተናግሯል፣ በመሣሪያ ይገቡ ነበር፣ መሣሪያው ሳይሠራ ቀረ፣ ባሏ ደርሶ ወንድሟን አወጣ። "መሣሪያ ምን ይታመናል!" ትላለች። ሥጋውን ከራሷ ሳህን እያነሳች ወደ እሱ ትገፋለታለች። እሱም ጣዕሙን የማያውቀውን ሥጋ ያኝካል። ዓይኗን ማየት አቃተው። ድካም ነው አለችና ጀርባውን በዘይት አሸችው።

አማቹ አገግሞ ሥራ የተመለሰ ዕለት ሁለቱ እንደገና አሲድ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጯሂዎቹ አሁን ደረታቸው ላይ ናቸው፤ የሁለቱም አረንጓዴ ታበራለች። አማቹ ጣሳውን ይዟል። እግሩ ግን አልንቀሳቀስ አለ።

"ግባ እንጂ" አለው አፍንጫ።

"አንተ ቅደም፣ ጋሼ።"

"መሣሪያዋ ዝም ብላለች እኮ።"

"እሷማ ዝም ትላለች።" አማቹ ለመሳቅ ሞከረ። "እስቲ አንተ ሽተትልኝ። ሰው ሁሉ የሚለውን ይበል፣ ያኔም ጋዙ በዝቶብህ ነው። አንተ ንጹህ ነው ካላልከኝ እኔ ይችን ደረጃ አልወርዳትም።"

አፍንጫ አንገቱን አስገባ። ሳበ። የሚወጣው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስንት ጊዜ ብሎታል። ዞሮ ሲያይ አማቹ ዓይኑን ሳይነቅል ፊቱን እያየ ይጠብቃል። ከንፈሩ ገና ሙሉ በሙሉ ቀለሙ አልተመለሰም።

"አይሸተኝም" አለው።

"ምንም የለም ማለት ነው?"

"ማለቴ፣ መኖሩንም አለመኖሩንም አላውቅም። አፍንጫዬ ሞቷል። ከጉንፋኑ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።"

አማቹ ጣሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ያን ቀንም?"

አፍንጫ የደህንነት ኃላፊዋን ቃል አስታወሰ፤ ከነሙሉ አረፍተ ነገሩ።

"ያን ቀንም" አለ።

ሊመታው ነው ብሎ አፍንጫ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው። አማቹ ግን ጯሂዋን አንስቶ መብራቷን አየ፣ መልሶ አስተካክሎ ሰካት፣ አልፎት ገባ። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ አፍንጫ ይሰማ ነበር። ቀድቶ ሲመለስ ፊቱን አላዞረበትም።

"ለኃላፊው መንገሩ ያንተ ጉዳይ ነው" አለው። "ለእህቴ ግን እኔ አልነግራትም። አንተው ንገራት።"

ለኃላፊው ያንኑ ዕለት ነገረው። ኃላፊው ተቆጣ፣ ከአሲድ ቤቱ አንስቶ እንጨት መቁጠሪያው ጋ እንደሚያዛውረው ነገረው፤ አፍንጫ ቁጣውን እንደ ዝናብ ችሎ ወጣ። ያ ቀላሉ ነበር።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ራት እያቀራረበች ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። ወንበር ሳብ አድርጎ መቀመጥ እንኳ አልደፈረም። ስለ እንግዶቹ ተናገረ፣ ስለ ጠርሙሶቹ ተናገረ፣ "ንጹህ ነው" ስላለው ተናገረ። በመካከል ታቋርጠኛለች ብሎ ነበር፤ አላቋረጠችውም።

"ነገርኩት ብለኸኝ አልነበር?" አለች በመጨረሻ።

"ብዬሽ ነበር።"

"ሙቺ ብለኸኝ አልነበር?"

"ብዬሻለሁ።"

እሱ የፈራው ጩኸቷን ነበር። አልጮኸችም። እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ደህና መግባቱን ጠየቀችው፣ ደረቱን ያመው እንደሆነ ጠየቀችው፣ ራቱን በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልበላሁም ሳይላት አልቀረም፤ የሁለት ሰው ራት ሳህን ላይ አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ነጠላዋን አደረገች፣ ባሏ በቆመበት በር በኩል አልፋው ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።